የጋራ ዕቅድ ረቂቅ፦ ኤምአርኤስን ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ዝግጅት ማዋል

ሰብሳቢ፣ የነርቭ ሐኪም፣ አዲስ አበባ
ውድ አባላት፣ በስብሰባው በተስማማነው መሠረት የረቂቁን መነሻ አቅርቤያለሁ። ዓላማው፦ «በመድኃኒት ያልተሻላቸውና በተለመደው ኤምአርአይ ጉዳት ያልታየባቸው ታማሚዎች ሕመሙ የሚነሳበትን ቦታ በማግኔቲክ ሬዞናንስ ስፔክትሮስኮፒ (ኤምአርኤስ) ማግኘት።» ከታማሚዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ መድኃኒት ብቻ አይበቃቸውም። በካናዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ጥናት ሕመማቸው ከቴምፖራል ሎብ (በጆሮ በኩል ካለው የአንጎል ክፍል) የሚነሳ 80 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ከዓመት በኋላ ራስን ከሚያስት ጥቃት ነጻ የሆኑት ከቀዶ ሕክምናው ምድብ 58 በመቶ፣ ከመድኃኒቱ ምድብ 8 በመቶ ናቸው። ቦታው ካልታወቀ ግን ቀዶ ሐኪም እጁን አያነሳም። አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ።

የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፣ ሜሪላንድ
ሰብሳቢያችን፣ «ቦታ ማግኘት» የሚለው አገላለጽ መሣሪያው ከሚችለው በላይ ቃል ያስገባናል። ማሽኑ ያው የኤምአርአይ ማሽን ነው፤ ሥዕል በመስጠት ፈንታ በመረጥነው የአንጎል ክፍል ያሉትን ኬሚካሎች መጠን እንደ ተራራ ጫፎች አሰልፎ ያሳየናል። ለእኛ ዋናው ኤን-አሴቲል አስፓርቴት ነው። በነርቭ ሴሎች ውስጥ ስለሚሠራ ሴሎቹ ሲጎዱ ይቀንሳል፤ መቀነሱንም ከሌሎች ሁለት የአንጎል ኬሚካሎች፣ ከክሪያቲንና ከኮሊን፣ ድምር ጋር በማነጻጸር እናውቃለን። ነገር ግን በቴምፖራል ሎብ ታማሚዎች ብዙ ጊዜ በሁለቱም ጎን ይወርዳል። ቀዶ ሕክምናው ሲሳካ ደግሞ ባልተነካው ጎን ተመልሶ ሲያንሰራራ ታይቷል። ስለዚህ ቅናሹ የሞተ ሴል ብቻ ሳይሆን የታወከ ሴልም ምልክት ነው።

መጠኑንም እናስብ። የተለመደው የመለኪያ ሣጥን በየጎኑ 2 ሴንቲሜትር ነው፣ ማለትም 8 ሚሊ ሊትር። ልንለካው የምንፈልገው ሂፖካምፐስ፣ በቴምፖራል ሎብ ውስጥ ያለው ትንሽ ክፍል፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ሣጥኑን አጥብበን ብናስረዝመውም አጠገቡ ያለው የአንጎል ክፍል አብሮ መግባቱ አይቀርም፤ ከሥሩ ያለው አጥንትና አየርም መግነጢሳዊ መስኩን ያዛባል። ባለ 7 ቴስላ (ማግኔቱ እጅግ ብርቱ የሆነ) ማሽን ቢኖር በተሻለ ነበር፤ ዕቅዳችን ግን በእጃችን ባለው ይሁን። ጊዜው አያሳስብም፤ በየ2 ሰከንዱ 128 ጊዜ ብንለካ ለአንድ ጎን ከ4 ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። «ቦታ ማግኘት» ወጥቶ «የትኛው ጎን እንደሆነ ለመወሰን ተጨማሪ ማስረጃ መስጠት» ይግባ።

የራጅ ሐኪም፣ አዲስ አበባ
እስማማለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። በዚሁ ምርመራ የሚታየው ላክቴት የተባለ ኬሚካል ከጥቃት በኋላ ከፍ ስለሚል ታማሚው መጨረሻ ሕመሙ የተነሳበት ሰዓት ቅጹ ላይ ይጻፍ። የልጆች ኬሚካል ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይለወጣልና በየዕድሜው ጤነኛ ፈቃደኞችን አስቀድመን በራሳችን ማሽን እንለካ። የሌላ አገር ቁጥር ተውሰን የእኛን ታማሚ «ጎደሎ» ማለት አንችልም።

የታማሚ እናት፣ የቤተሰብ ተወካይ
እኔ ሐኪም አይደለሁም። ልጄ 17 ዓመቷ ነው። ሲነሳባት ቀኝ እጇ የነጠላዋን ጫፍ ማፍተልተል ይጀምራል፤ ግራ እጇ ጠምዘዝ ብሎ ይገተራል። ጎረቤት ክብሪት ጭሮ ሊያሸታት ሲሮጥ እኔ እጆቿን ነበር የማየው። ኤምአርአይ ሦስት ጊዜ ተነሥታ ሦስቱንም ጊዜ «ምንም የለባትም» የሚል ወረቀት ተሰጠን። ያ ወረቀት ቤታችን ከገባ በኋላ ዘመድ አዝማድ «በሽታ ካልተገኘባት ሌላ ነገር ነው» ማለት ጀመረ። ልጄም ሰማች። ስለ እጆቿ ግን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። እባካችሁ፣ አዲሱ ምርመራም ምንም ባያሳይ «ምንም የለባትም» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ሰብሳቢ
እናታችን፣ ያዩት ነገር ትልቅ ማስረጃ ነው። ግራ እጅ እንዲያ ሲገተርና ቀኙ ሲያፍተለትል ብዙ ጊዜ የሚጠቁመው የቀኙን ቴምፖራል ሎብ ነው። በስልክ ቢቀርጹልን ከኢኢጂው (ከአንጎል የኤሌክትሪክ ምርመራው) ጋር አስተያይተን እናየዋለን። ረቂቁን እንዲህ አሻሽያለሁ፦ «የቤተሰብ ምስክርነትና ኢኢጂ አንድ ጎን ሲጠቁሙ፣ ኤምአርኤስ ያንን ጎን ይደግፍ ወይም ይቃረን እንደሆነ መመርመር።» ውጤቱን የሚነብበው ባለሙያ የሌሎቹን ምርመራዎች ግኝት አስቀድሞ አያይም። በውጤት ወረቀት ላይም «በዚህ ምርመራ አልታየም» ተብሎ ይጻፋል፤ «ምንም የለም» የሚለው ከሁሉም ቅጾቻችን ይወጣል። የመጀመሪያው ምዕራፍ 20 ጤነኛ ፈቃደኞችን መለካት ነው።

የታማሚ እናት
ከ20ዎቹ አንዷ እኔ ልሁን። ታላቅ እኅቷም 19 ዓመቷ ነው፤ ጠይቄያት እሺ ብላለች። ሁለታችንም በሰውነታችን ውስጥ ብረት የለም፤ ቅዳሜ ጠዋት ይመቸናል።