አስቸኳይ፦ በመነጽር እሳት አይነሳም ተባልኩ፤ ልብወለዴ ምዕራፍ 7 ላይ ቆመ

የምዕራፍ ሰባት እስረኛ
ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ቀን 6 ሰዓት ላይ የሚዘጋ የወጣቶች ልብወለድ ውድድር አለ። ረቂቄ አልቋል ብዬ ለአንድ ጓደኛዬ እንዲያነበው ሰጠሁት። አሁን ማታ ደውሎ «ምዕራፍ 7 ውሸት ነው» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ናሆም የ14 ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ከጉብኝት ቡድኑ ተለይቶ ጠፍቷል። ሩቅ ስለማያይ መነጽር ያደርጋል። መነጽሩን አውልቆ በፀሐይ ጨረር ሣር ያቀጣጥላል። ቀጣዮቹ ምዕራፎች በሙሉ የቆሙት እሳቱ ላይ ነው። ጓደኛዬ ግን የእሱ ዓይነት መነጽር እሳት አያነሳም ባይ ነው። እውነት ነው? ከሆነስ በምን ልተካው? እባካችሁ ቶሎ።

ጥቁር ቡና
ወንድሜ፣ ክብሪት ስጠው። አለቀ።

የምዕራፍ ሰባት እስረኛ
እህትህ ነኝ። ክብሪት ካለውማ ምን ታሪክ አለው?

መነጽር ቤት
ጓደኛሽ ልክ ነው። የምሠራው መነጽር ቤት ነው። ሩቅ ለማያይ ሰው የሚገጠመው ሌንስ መሐሉ ስስ፣ ጠርዙ ወፍራም ነው። ብርሃኑን ይበትነዋል እንጂ አይሰበስበውም። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ጋዜጣ ላይ ከፍ አድርገሽ ያዢው፤ ፊደሉ ያንሳል። እሳት የሚያነሳው እናቶቻችን መጽሐፍ ሲያነቡ የሚያደርጉት ነው፤ መሐሉ ወፍራም፣ ፊደል የሚያጎላው። የሌንሱ ቁጥር ፕላስ 3 ከሆነ ጨረሩን 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይሰበስበዋል። ሁለቱን ሌንስ አውልቀሽ ብትደራርቢያቸው ርቀቱ ወደ 17 ይወርዳል፤ ነጥቧ ትጠብና ትፋጃለች። ስለዚህ ልጁ የአያቱን የንባብ መነጽር ይዞ ይምጣ።

የምዕራፍ ሰባት እስረኛ
ተባረክ! በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚስተካከል ነው ማለት ነው።

የደባርቅ ልጅ
ቆይ ቆይ። ወሩ ምንድን ነው?

የምዕራፍ ሰባት እስረኛ
ነሐሴ። ምነው?

የደባርቅ ልጅ
ሃሃሃ። እህቴ፣ ነሐሴ ላይ ሳንቃበር ካምፕ ቆመሽ የራስሽን ጫማ ካየሽ ዕድለኛ ነሽ። ጉም ነው። ከሰዓት ዝናብ ነው፣ አንዳንዴም በረዶ ይጨምራል። የአያቱን ቀርቶ የቅድመ አያቱን መነጽር ቢያመጣ ፀሐይዋን ከየት ሊያመጣት ነው? ሣሩስ መቼ ደረቀ?

ጥቁር ቡና
በጨረቃ ይሞክር።

የምዕራፍ ሰባት እስረኛ
ክረምቱን ማውጣት አልችልም። ልጁ ግጭ ካምፕ በኩል የቀረው የጅንባር ወንዝ ሞልቶ ወደ ሳንቃበር መመለስ ስላቃተው ነው። ታሪኩ በሙሉ እሱ ነው። ወሩን ወደ ጥር ካዞርኩት ወንዙ ይቀራል። ለምንድን ነው ይሄን ሁሉ ማታ የምሰማው?

ተረኛ ነርስ
እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ልበል። እሳቱ ላይ ተንጠለጠላችሁ እንጂ የዚህ ልጅ ችግር እሳት አይደለም። ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በክረምት ውርጩ ቢቀንስም እርጥበቱ ይብሳል። የረጠበ ልብስና ንፋስ ሰውን ለመግደል ውርጭ አያስፈልጋቸውም። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ አደጋው ጀመረ ማለት ነው። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ጣቱ አልታዘዝ ይለዋል፤ ዚፑን መዝጋት ያቅተዋል። ቀጥሎ ይንተባተባል፤ አካሄዱ እንደ ሰካራም ይሆናል። የሚያስፈራው መንቀጥቀጡ ሲቆም ነው፤ ሰው «ሞቀው» ብሎ ይዘናጋል። በዚያ ሰዓት ክብሪት በእጁ ብትሰጪው እንኳ መጫር አይችልም።
ስለዚህ መጀመሪያ ከንፋስ ይሸሸግ። ቋጥኝ ሥር ይግባ። ከቋጥኙ ሥር ያልረጠበ የጓሳ ሣር ይፈልግ፤ ግማሹን ከሥሩ ያንጥፈው፣ ግማሹን በሸሚዙና በሹራቡ መሐል ይጠቅጥቀው። ባዶ መሬት ላይ ከተኛ መሬቱ ሙቀቱን ይመጠዋል። ለመሆኑ ምን ለብሷል?

የምዕራፍ ሰባት እስረኛ
ጋቢ። አያቱ የሰጡት ነው፤ ስሜት አለው።

ተረኛ ነርስ
ስሜቱ ይቆየንና፣ ጋቢ ጥጥ ነው። ከረጠበ ያቀዘቅዛል እንጂ አያሞቅም። በርኖስ አድርጊው። ሱፍ ረጥቦም ቢሆን ትንሽ ሙቀት ይይዛል። የደጋ ገበሬ ባናና በርኖስ የሚለብሰው ለጌጥ መሰለሽ?

ሕግ ይከበር
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ማንም ያላነሳው ጉዳይ አለ። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እሳት ማንደድን ለልጆች ልታስተምሪ ነው? በ2011 ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ረሳችሁት? ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ነበር የተጨነቅነው። ደግሞስ ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ፓርኩ ጠባቂ፣ እንዴት ገባ? ደባርቅ ሳይመዘገብ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ሳይመደብለት የሚገባ ጎብኚ የለም። መነሻው ራሱ ልክ አይደለም።

የምዕራፍ ሰባት እስረኛ
ስካውት አለ! ምዕራፍ 4 ላይ ወንዙን ሲሻገሩ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። ቋጥኝ ሥር ተኝቷል። ናሆም የሚታገለው ለሁለቱም ነው። ይሄ ግልጽ ስለመሰለኝ ነው ያልጻፍኩት።

ጥቁር ቡና
ቆይ፣ ስካውት አጠገቡ እያለ ነው በመነጽር እሳት የሚያነሳው? የስካውት ኪስ ክብሪት ያጣል? አላልኳችሁም?

የደባርቅ ልጅ
ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ቡና ልክ ነው።

የምዕራፍ ሰባት እስረኛ
ወይ ጉዴ።

ሽቦ ቀጣይ
አትደንግጪ። ክብሪቱ አለ፤ ግን ወንዙ አርጥቦታል። የረጠበ ክብሪት ቢደርቅም የሳጥኑ መጫሪያ ከላላ ዋጋ የለውም። እንደውም ለታሪክሽ ጥሩ ነው፤ አንድ በአንድ ሲከሽፍ አንባቢው ይጨነቃል። ከዚያ የስካውቱን ባትሪ ያስታውሳል። የባትሪ ድንጋዩን ያወጣል። የማስቲካ ብርማ ወረቀት በቀጭኑ ይቀድዳል፤ መሐሉን ክብሪት እንጨት እስኪያክል ያቀጥነዋል። አንዱን ጫፍ ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ ብርማው ፊት ድንጋዩን እንዲነካ አድርጎ ይይዘዋል። ቀጭኑ ቦታ ቦግ ይላል። ግን ቦግታው የአፍታ ነው። ከሥሩ ደረቅ ጥጥ ወይም የተፍታታ ጨርቅ ካላዘጋጀ ጣቱን አቃጥሎ ይቀራል። እኔ ወርክሾፕ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ በዝናብ ግን አልሞከርኩም። (ልጆች፣ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት።)

አዋሽ ማዶ
ጠመንጃም አለው እኮ። ከጥይቱ ባሩዱን አውጥቶ...

ተረኛ ነርስ
አውጥቶ ዓይኑን ያጠፋል። ለ14 ዓመት ልጅ ነው የምትጽፈው፤ ይሄንን እንዳትሰሚ።

አዋሽ ማዶ
እሺ። ሁለት እንጨት መፈተግስ? ደቡብ ኦሞ እረኞች ያደርጉታል።

ሽቦ ቀጣይ
እነሱ እንጨቱን ያውቁታል፣ ደርቆ ተዘጋጅቶ ነው የሚይዙት። የከተማ ልጅ፣ በዝናብ፣ በረጠበ የአስታ እንጨት? መዳፉ ተልጦ ያልቅስ ካልሽ ይሁን።

ቀለም ፈላጊ
አያቱ የንባብ መነጽር ቢኖራቸውስ? ያኛው ጨረር ይሰበስባል።

መነጽር ቤት
ከላይ ተብሏል።

የምዕራፍ ሰባት እስረኛ
ባትሪው ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ምዕራፍ 9 ላይ ጭላዳዎች ከእሳቱ አጠገብ ያለውን ሥጋ ይሰርቁታል። እሱስ?

የደባርቅ ልጅ
ጭላዳ ሥጋ ምን ያደርግለታል? ሣር በል ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ በጣቱ ሣር ሲነጭ ነው የሚውለው። ሲመሽ ደግሞ ገደሉ አፋፍ ላይ ወርዶ ያድራል። ሌባ ከፈለግሽ ቁራ አድርጊው፤ የእኛ አገር ቁራ ድንኳን ውስጥ ገብቶ ዳቦ ያነሳል። እና ናሆም ጭላዳ የበላውን እየበላ ተረፈ እንዳትይ፤ የሰው ሆድ ሣር አይፈጭም።

የምዕራፍ ሰባት እስረኛ
ዝም ብዬ አጠፋዋለሁ።

የደባርቅ ልጅ
ስሚ፣ አሁን ቁም ነገሩን ልንገርሽ። ሁላችሁም ሰሜን ተራሮችን ሰው የማይኖርበት ምድረ በዳ አደረጋችሁት። የግጭ መንደር ተነስቶ ነዋሪው ደባርቅ መስፈሩ እውነት ነው፤ ታሪክሽ የአሁን ከሆነ እዚያ ጎጆ እንዳታስቀምጪ። የፓርኩ ዙሪያ ግን ሰው ነው። ነሐሴ ላይ ገብስ አለ፣ ከብት አለ፣ እረኛ አለ። ናሆም ጉሙ አንዴ ገለጥ ሲልለት ጭስ ይይ። ይውረድና እሳት ይጫር፤ ድሮ እናቶቻችን ከጎረቤት እንደሚጭሩት።
አወሳሰዱን ልንገርሽ። ገል ይሰጡታል፣ የተሰበረ ማሰሮ ስባሪ። ከታች አመድ፣ ከላዩ ሁለት ሦስት ፍም፣ ከፍሙ ጎን ቁራጭ ኩበት፣ ከላይ እንደገና አመድ። ኩበት ቶሎ አይነድም፤ ውስጥ ውስጡን ይጨሳል። አመዱ በጣም ከከበደ ይታፈናል፣ ከሳሳ ደግሞ ፍሙ መንገድ ላይ ያልቃል። በየመሐሉ ከፈት አድርጎ እፍ ማለት አለበት። ይሄን ሁሉ በዝናብ፣ በዳጥ፣ በርኖሱን ገሉ ላይ ጥሎ፣ ራሱ እየረጠበ። ገሉ ሲግል ደግሞ እጁን ያቃጥለዋል፤ በጓሳ ጠቅልሎ ይያዘው።

ጥቁር ቡና
ሰው ካገኘ ለምን እርዳታ አይጠይቅም? ሰዎቹ ወጥተው ስካውቱን በቃሬዛ ያወርዱታል፤ ምዕራፍ 8 ላይ አለቀ።

የደባርቅ ልጅ
ያገኘው ሕፃን እረኛ ይሁን። ትልልቆቹ ገበያ ናቸው፣ ወንዙ ስለሞላ ዛሬ አይመለሱም። ልጁ ከብቱን ጥሎ አይሄድም፤ ለማን ብሎ?

ተረኛ ነርስ
ይሄ ከባትሪው ይሻላል። የተሰበረው እግርም አይረሳ፤ በዱላና በጨርቅ ይታሰርለት፣ ግን አጥብቀሽ እንዳታሳስሪ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙና ከጠቆሩ ይፈታ። አረቄም እንዳታጠጪው፤ የሞቀው ይመስለዋል እንጂ ሙቀቱን ያስወጣበታል።

ሕግ ይከበር
እሳቱን ለማጥፋት አንድ አንቀጽ ይጨመርልኝ። ውኃ ያፍስስበት፣ አመዱን በእጁ ነክቶ መብረዱን ያረጋግጥ።

የምዕራፍ ሰባት እስረኛ
እየጻፍኩ ነው። አሁን 5 ሰዓት ከሌሊቱ ነው። የደባርቅ ልጅ፣ እረኛው ፍሙን ሲሰጠው ምን ይለዋል? አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ።

የደባርቅ ልጅ
«ገሉን መልስ፤ የእናቴ ነው» ይለዋል። ሌላ ምን ይላል?

ሽቦ ቀጣይ
ባትሪውን ግን ሙሉ በሙሉ አታውጪው። ይሞክርና ጥጡ ረጥቦ ይክሸፍበት፤ ከዚያ ነው ጭሱን የሚያየው።

ጥቁር ቡና
እህት፣ ላክሽው?

ጥቁር ቡና
እህት?

እንግዳ 12
ይቅርታ አሁን ነው ያየሁት። ለማንበብ የሚደረገው የአያቱ መነጽር እኮ እሳት ያነሳል፤ ለምን እሱን አይጠቀምም?

የደባርቅ ልጅ
ነሐሴ ነው ወንድሜ! ነሐሴ!