ከፎረንሲክ ክፍል ወጥቶ ወደ ቀዬው ለሚመለስ ታካሚ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ነርስ፣ ምሥራቅ ጎጃም

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የምሠራ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። በሙያው ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የ34 ዓመት ሰው አዲስ አበባ ከሚገኝ የፎረንሲክ ክፍል (ፍርድ ቤት የላካቸው የአእምሮ ሕሙማን ከሚታከሙበት) ወጥቶ ወደ ቀበሌያችን ይመለሳል። ከአምስት ዓመት በፊት ሕመሙ ጠንቶበት ሳለ ጎረቤቱን በመጥረቢያ መታው። ሰውየው ከሞት ተርፏል፣ ቀኝ እጁ ግን እንደ ድሮው አይታዘዝለትም። ፍርድ ቤቱ ታሞ ነው ያደረገው ብሎ ወደ ሕክምና ላከው። አሁን በየአራት ሳምንቱ ሞዲኬት የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መርፌ ይወጋል። ይዞት የሚመጣው ወረቀት ላይ «ክትትል በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ» የምትል አንድ መስመር ብቻ አለች። እናቱ ቀን እየቆጠሩ ነው። የተጎጂው ቤተሰብ ያለው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። መርፌውን መውጋት አያቅተኝም። ሌላው ነው የጨነቀኝ።

መልስ፦ የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ባሕር ዳር

ሲስተር፣ እሱ ሳይመጣ አንቺ ቤቱ ድረሺ። መጀመሪያ ግን የነበረበት ክፍል ደውይ። በአንድ መስመር ሰው አይረከቡም። የመጨረሻው መርፌ የተወጋበትን ቀንና መጠኑን፣ ሲታመም ምን ይሰማና ምን ያምን እንደነበር፣ ጎረቤቱን ለምን እንደመታው ጠይቂ። «ሊገድለኝ ነው» ብሎ ከሆነ የመታው፣ ያ ሐሳብ ተመልሶ ሲመጣ የምትጠብቂውን ታውቂያለሽ።

ከዚያ እናቱ ጋ ሂጂ። ቤት ውስጥ ጠመንጃ አለ ወይ ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂ። በእኛ አገር የአባት መሣሪያ ተሰቅሎ መኖሩ ብርቅ አይደለም። ካለ መሣሪያው ወደ ሌላ ዘመድ ቤት ይሂድ። መጥረቢያ ከገበሬ ቤት አይጠፋም፣ ግን ማታ ማታ የሚቆለፍበት ቦታ ይኑር።

ትልቁ ጥያቄ ይኼ ነው፦ «ያኔ ሕመሙ ሲጀምረው መጀመሪያ ያዩት ምንድን ነው?» እናት ሐኪም ያላየውን ታያለች። የነገሩሽን በራሳቸው ቃል ካርዱ ላይ ጻፊው። በየጉብኝቱ ያንኑ ምልክት እየጠቀስሽ ጠይቂ። እንቅልፍን በተለይ። እኔ ለቤተሰብ «ሁለት ሌሊት ካልተኛ ሦስተኛውን አትጠብቁ፣ ደውሉልኝ» እላለሁ።

ስለ መርፌውም አንድ ነገር ልበል። ሞዲኬት የሚበጠበጠው በሰሊጥ ዘይት ነው። ሲሪንጁ ወይም መርፌው እርጥበት ካለው ይደፈርሳል። ደረቅና ወፈር ያለ መርፌ ይዘሽ በቀስታ ጥልቅ ጡንቻ ላይ ውጊ።

መልስ፦ የታማሚ እህት፣ ቡሬ

እታለም፣ ወንድሜ እንዲህ ካለ ቦታ ከወጣ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከወጣ በኋላ ያስደነገጠን ሕመሙ አልነበረም፣ መድኃኒቱ ነው። አንድ ቀን አንገቱ ተጣመመ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ። መንፈሱ ተነሳበት ብለን ተሸክመን ጸበል ወሰድነው። ለካ የመርፌው ጉዳት ኖሯል። ጤና ጣቢያ ቢሄድ በአንድ መርፌ ይፈታለት ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ መቀመጥ አቃተው፣ ሲንቆራጠጥ ይውል ነበር። እኛ አገረሸበት አልን። እሱም የመድኃኒቱ ነበር፣ መጠኑ ሲቀነስለት ተወው። ይኼን አስቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም። አንቺ ንገሪያቸው።

ጾሙንም አስቢበት። የእኛ ሰው በሑዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፣ ወንድሜም የጠዋቱን ክኒን መተው ጀምሮ ነበር። የንስሐ አባቱን ይዤ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ ማታ አዞረለት፣ አባም «ክኒኑን ዋጥ፣ ጸበልህንም ተጠመቅ» አሉት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላቋረጠም። አረቄ ግን በፍጹም። ድግስ ላይ «አንድ መለኪያ ምን አላት» የሚሉ ዘመዶችን የገሠጽኳቸው እኔው ነኝ።

መልስ፦ ጠበቃ፣ ደብረ ማርቆስ

ሰፈሩ «በነጻ ለቀቁት» ይላል። እንደዚያ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 መሠረት፣ ድርጊቱን ሲፈጽም በሕመም ምክንያት የሚያደርገውን መረዳት ወይም ራሱን መግታት ያልቻለ ሰው አይቀጣም። ፍርድ ቤቱ ግን እንዲታከም ወይም በጥበቃ ሥር እንዲቆይ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ የመጨረሻውን ትእዛዝ ግልባጭ ያምጣልሽ። ክትትሉ ግዴታ ነው ወይስ አይደለም? ሪፖርት የሚደረገው ለማን ነው? መልሱ እዚያ ላይ ነው። የቀበሌ ሰው መጥቶ ስለ ሕመሙ ቢጠይቅሽ ከትእዛዙ ውጭ የምትነግሪው የለም። የታካሚ ምስጢር ነው።

መልስ፦ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ዳንግላ

ልጄ፣ የተጎዳውን ሰው እንዳትረሺው። የመታው ሰው መመለሱን ገበያ ላይ ከሚሰማ አስቀድሞ ቢነገረው ይሻላል። ይኼን አንቺ አትንገሪ፣ የአንቺ ሥራ አይደለም። የታካሚው ቤተሰብ ሽማግሌ ይላክ። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር ተቀምጬ አውቃለሁ። መጀመሪያ ስለ ይቅርታ አላነሳንም። «ልጁ ይመጣል፣ በየትኛው መንገድ ቢሄድ፣ በየትኛው ገበያ ቢውል አይከፋህም?» ብለን ጠየቅነው። ቅዳሜን ለራሱ ያዘ፣ ማክሰኞን ለቀቀ። እርቁ የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ካሳውም ያኔ ተነሣ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ። መንገድ ከተዘጋ ወይም መርፌው ከጠፋ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ባሕር ዳር

ቢያንስ የአንድ ዙር መርፌ በስሙ አስቀምጪ። ካለቀም በክኒን ማቆየት ይቻላል፣ መጠኑን ከአሁኑ ከሐኪም ጋር ጻፉት። የጤና መድህን ደብተሩን ያሳድስ፣ ሆስፒታል ሲሄድ የሪፈር ወረቀት ከእጁ አይለይ። በቀጠሮው ቀን ካልመጣ ደግሞ ቀረ ብለሽ አትተዪው፣ በማግሥቱ ሰው ላኪ። የጤና ኤክስቴንሽኗን ከጎንሽ አድርጊ። ጉራጌ ውስጥ ሶዶ ወረዳ በተሠራ ጥናት የሠለጠኑ የአካባቢው ልጆች ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ይረዱ ነበር። ከዓመት በኋላ እነዚያ ታካሚዎች ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ኑሯቸውን መምራት ችለው ተገኙ። መሬቱን ማን እያረሰው እንደሆነም ጠይቂ። ሥራ የሌለው ሰው መድኃኒቱን ለምን እንደሚወስድ ይጠፋዋል።

ጠያቂዋ

ዛሬ እናቱ ቤት ሄጄ መጣሁ። ጠመንጃ ነበር፣ አጎቱ እኔ እያየሁ ይዞት ሄደ። መሬቱን የሚያርሰው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ግማሹን ሊለቅለት ተስማምቷል። የመጀመሪያውን ምልክት ስጠይቃቸው እናቱ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ከእጄ ቡና አልቀበልም አለኝ» አሉኝ። እንዳሉት አድርጌ ካርዱ ላይ ጻፍኩት።