ኢጀክሽን ፍራክሽኑ ደህና ከሆነ ኬሞው ልብን አልጎዳም ማለት ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ በጡት ካንሰር ምክንያት ዶክሶሩቢሲን ያለበትን ኬሞ ጨርሳ ትራስቱዙማብ የተባለውን ሌላ የካንሰር መድኃኒት ልትጀምር ነው። ከኬሞው በፊት በተነሳችው የልብ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ኢጀክሽን ፍራክሽኗ 62 በመቶ፣ ስትሬይኗ ኔጌቲቭ 20 ነበር፤ አሁን 57 እና ኔጌቲቭ 16 ሆነዋል። አንደኛው ሐኪም ልቧ ጤነኛ ነው ሲሉ ሌላው ጉዳት ጀምሯል አሉን። ትንፋሽ አያጥራትም፣ እግሯም አላበጠም። ሕክምናው ይቋረጥ ይሆን?

ምላሽ፣ የልብ ሐኪም፦
እግዚአብሔር ይማርልዎት። ኢጀክሽን ፍራክሽን የግራው የልብ ክፍል ከያዘው ደም በእያንዳንዱ ምት ስንት በመቶውን እንደሚረጭ የሚያሳይ ሲሆን፣ የተወሰነ ጡንቻ ቢጎዳም የቀረው ሥራውን ስለሚሸፍን ቁጥሩ ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል። በተለመደው ኢኮ ደግሞ በሁለት ምርመራዎች መካከል እስከ 10 ነጥብ የሚደርስ ልዩነት ከአለካክ ብቻ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከ62 ወደ 57 መውረዱ ለብቻው ብዙ አይናገርም። ስትሬይን ግን ጡንቻው ራሱ ሲኮማተር ምን ያህል እንደሚያጥር ይለካል (ኔጌቲቭ የሚባለው ማጠርን ስለሚያሳይ ነው)፤ ከታካሚው ከራሱ መነሻ ልኬት ከ15 በመቶ በላይ ሲቀንስ ምልክት ያላሳየ ጉዳት መኖሩን እንጠረጥራለን። የእናትዎ የቀነሰው በአንድ አምስተኛ፣ ማለትም በ20 በመቶ ነው፤ ስለዚህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ሆኖም ይህ ብቻውን የካንሰር ሕክምናን አያስቆምም፤ እባክዎ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ትሮፖኒን፣ ማለትም የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን፣ በደም ይለካላቸው፤ እንደ ኤናላፕሪል ወይም ካርቬዲሎል ያለ ልብን የሚደግፍ መድኃኒት ያስፈልጋቸው እንደሆነ የልብና የካንሰር ሐኪሞቻቸው ተነጋግረው ይወስኑ። ትራስቱዙማብ ሲጀመርም ኢኮው በየ3 ወሩ ይደገማል። ቀድሞ መድረስ ለውጥ ያመጣል፦ በ2015 እ.ኤ.አ. ከሚላን በታተመ ጥናት፣ የዶክሶሩቢሲን ዓይነት መድኃኒት ከወሰዱ 2,625 ታካሚዎች መካከል በ9 በመቶዎቹ ላይ የልብ ጉዳት የታየ ሲሆን፣ አብዛኛው የተገኘው በመጀመሪያው ዓመት ነበር፤ ሕክምና ከጀመሩት ብዙዎቹም ቢያንስ በከፊል አገግመዋል።

ምላሽ፣ የኢኮ ባለሙያ፦
ሁለቱ ምርመራዎች በአንድ ማሽን ነው የተሠሩት? የተለያዩ አምራቾች ሶፍትዌር ለአንድ ልብ የተለያየ የስትሬይን ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። የደም ግፊት በዚያ ሰዓት ከፍ ብሎ ከነበረም ስትሬይን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ግፊቱ ከውጤቱ ጋር አብሮ መጻፍ ነበረበት።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ምርመራዎቹ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ነው የተሠሩት፤ ግፊቷም በወረቀቱ ላይ የለም።

ምላሽ፣ የልብ ሐኪም፦
እንግዲያው ትራስቱዙማቡ ከመጀመሩ በፊት፣ መጀመሪያ በተነሱበት ማሽን በዚህ ሳምንት ይደገምላቸው። የሁለተኛውን ምርመራ ምስሎችም በሲዲ ወስደው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ አንድ ሐኪም ይፈልጉ። እስከዚያው ትንፋሽ ካጠራቸው፣ እግራቸው ካበጠ ወይም ተኝተው መተንፈስ ካቃታቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።