ክርክር፦ የክራኒዮሳክራል ቴራፒስት በሰው ምስክርነት ይመረጣል ወይስ በፈቃድ?

የቡድኑ አስተባባሪ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ራስንና ወገብን በእጅ ለስለስ አድርገው በመያዝ ሕመም እናስታግሳለን የሚሉ ሰዎች ብቅ ብለዋል፤ ክራኒዮሳክራል ቴራፒ ይሉታል። እነዚህን ሰዎች ጎረቤት ስለመሰከረላቸው እንመን ወይስ የጤና ሙያ ፈቃድ ከሌላቸው ደጃቸውን አንርገጥ?

የሽምቢት ልጅ፦ ምስክርነት ይበቃል። አንገቴን ሲያመኝ ሐኪም ቤት ማስታገሻ ጽፈው ይሸኙኛል። የክራኒዮሳክራል ቴራፒስቷ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ጭንቅላቴን በመዳፏ ይዛ ትቀመጣለች፤ ስነሣ ትከሻዬ ቀሎኝ ነው። ወጌሻ ጋ ስንሄድስ ፈቃድ ጠይቀን እናውቃለን?

ፊዚዮቴራፒስቱ፦ እህቴ፣ ዕረፍቱን አልክድም። ሰው ጸጥ ብሎ ሲተኛ የተወጠረ ጡንቻ ይላላል። የማልቀበለው ማብራሪያውን ነው። ሐሳቡን ያመጣው ዊልያም ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ ኦስቲዮፓት፣ ማለትም አጥንትና ጡንቻን በእጅ የሚያክም ባለሙያ ነው፤ አሁን ባለው ስሙ ያስፋፋው ጆን አፕሌጀር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ማሠልጠኛ ከፈተለት። የሚጫኑት 5 ግራም ገደማ ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። በዚያ ንክኪ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽን ምት እናዳምጣለን ይላሉ። ሁለት ባለሙያዎች አንድን ሰው ይዘው ምቱን ሲቆጥሩ ግን ቁጥራቸው አልገጥም ብሏል። የአዋቂ ራስ ቅል አጥንትም ተቆላልፎ የጠነከረ ስለሆነ በ5 ግራም ንቅንቅ አይልም።

መሄድሽ ካልቀረ መሠረታዊ ሙያዋን ጠይቂያት፤ ነርስ ናት፣ ፊዚዮቴራፒስት ናት ወይስ የጥቂት ቀን ሥልጠና ብቻ ነው ያላት? ቀጥለሽ ማንን እንደማትነካ ጠይቂያት። በቅርቡ ራሱን የተመታ ወይም አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው ለዚህ አይቀርብም። ይህን ሳታጣራ እጇን የምታሳርፍብሽ ከሆነ ተነሥተሽ ውጪ። ወጌሻውማ ባይነሣ ይሻል ነበር፤ አጥብቆ በማሰር ደም አልደርስ ብሎት እግሩ ጠቁሮ የተቆረጠ ሰው በአገራችን ብርቅ አይደለም።

የጨቅላ እናት፦ የሁለት ወር ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል። ይጠቅመዋል ብለውኝ ለነገ ቀጠሮ ይዣለሁ።

ጡረተኛ አዋላጅ፦ ልጄ፣ እባክሽ አትውሰጂው። እርግብግቢቱ ገና አልገጠመም፤ ቅቤ ስታደርጊለት በጣትሽ የምታገኚው ለስላሳው ቦታ ነው። አተኩሶት እርግብግቢቱ ካበጠ ወይም ጡት እምቢ ካለ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል በዚያችው ሰዓት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አድርሺው። ተቅማጥ ይዞት ከጎደጎደም ፈሳሽ አልቆበት ነው፤ እንዳታሳድሪው። ደኅና ሆኖ የሚያለቅስ ከሆነ ደግሞ የሕፃናት ሐኪም ይየው።

የሽምቢት ልጅ፦ በሕፃኑ ጉዳይ እስማማለሁ። የራሴን ግን አልለቅም። ገንዘቡ የኔ፣ አንገቱም የኔ።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦ ልክ ነሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እጅሽን ደንዝዞሽ ያውቃል?

የሽምቢት ልጅ፦ የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች፣ አልፎ አልፎ።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦ እሷ ይህን ጠይቃሽ ታውቃለች?

የሽምቢት ልጅ፦ አልጠየቀችኝም።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦ እንግዲያው ነርቭ ተጭኖ እንደሆነ ሐኪም ይመርምርሽ። እጅሽ ከዛለ ወይም አካሄድሽ ከተዛባ ቀጠሮም አትጠብቂ።

የሽምቢት ልጅ፦ እሺ፣ ሰኞ እሄዳለሁ። ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ፤ የሷን ግን አልተውም።