ጭማሪው በደመወዝ ይሁን ወይስ በአበል? የጡረታ ጥያቄ ከድሬ

ፎርክሊፍት
ሰላም ለዚህ ቤት። መልካ ጀብዱ በኩል ያለ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ነጂ ነኝ። ዕድሜዬ 54 ነው። የግል ድርጅት ጡረታ በ2003 ከመጣ ጀምሮ በየወሩ ይቆረጥብኛል። ሰሞኑን 4,000 ብር ተጨመረላችሁ ተብለን ጨፈርን፣ ደብዳቤው ሲመጣ ግን ጭማሪው የቤትና የትራንስፖርት አበል ነው። የደመወዝ ወረቀቴ ላይ መሠረታዊው ያው 8,000፣ የጡረታዋም ያቺው 560። አለቃችን "ለእናንተ ብለን ነው፣ ጡረታ አይቆረጥበትም" ይላል። አብዛኛው ሰው ደስ ብሎት ፈርሟል። እኔ እስካሁን አልፈረምኩም። ልጆቼ ገና ተማሪዎች ናቸው፣ 60 ሲሞላኝ በምን ልኖር ነው? ደግሞ ከ2003 በፊት ሌላ የግል ድርጅት ሠርቻለሁ፣ እሱስ ይቆጠርልኛል?

ሂሳብ ክፍል
ወንድሜ እንኳን አልፈረምክ። ጡረታ የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ነው፣ አበል ውስጡ አይገባም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 10 ዓመት ላገለገለ 30 በመቶ፣ ከዛ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 በመቶ። የምን 30 በመቶ? ጡረታ ከመውጣትህ በፊት ያሉት የመጨረሻ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ። አንተ 60 ሲሞላህ 20 ዓመት ይኖርሃል እንበል፣ 42.5 በመቶ ነው። ደመወዝህ 8,000 ላይ ከቀረ በወር 3,400 ታገኛለህ። 12,000 ከሆነ 5,100። ልዩነቱ 1,700 ነው፣ ያውም በሕይወት እስካለህ ድረስ በየወሩ። አሁን የምታተርፈው ደግሞ ከሠራተኛው ደመወዝ ለጡረታ የሚቆረጠው ሰባት በመቶ ነው፣ ከ4,000 ላይ 280 ብር ናት፤ ግብሩ ላይ ትንሽ ሊቀልህ ይችላል እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

አለቃህ ያልነገረህን ልንገርህ። ድርጅቱ በአንተ ስም 11 በመቶ ይከፍላል። ጭማሪው ደመወዝ ቢሆን በአንድ ሠራተኛ በወር 440 ብር ይወጣበት ነበር፣ በመጋዘኑ ሰው ብዛት አባዛው። "ለእናንተ ብለን" የሚባለው ይሄ ነው።

ከ2003 በፊት የመንግሥት ሥራ ከነበረህ ይቆጠራል። የግል ከሆነና ፕሮቪደንት ፈንድ (ሠራተኛውና ድርጅቱ በየወሩ የሚያጠራቅሙት ገንዘብ) ካልነበራችሁ ግን ተስፋ አታድርግ።

ባጃጅ 05
አቦ 60 ዓመት ማን ያውቃል! ዛሬ በእጅ የገባ ብር ነው ብር። እስከዛ 5,100 ብር ምን ይገዛል? የዘይት ዋጋ እያያችሁ አይደል እንዴ? ወላሂ እኔ ብሆን አበሉን ተቀብዬ ዕቁብ እገባበታለሁ። ደግሞ የሚታየው የመጨረሻው 3 ዓመት ከሆነ እስከ 57 አበል ይብላ፣ ከዛ ወደ ደመወዝ ያዙሩለት።

ሂሳብ ክፍል
@ባጃጅ 05 ብልጥ ነህ፣ ግን 57 ሲሞላው ማን ያዞርለታል? ያኔ የሚለምነው እሱ ነው፣ 11 በመቶውን የሚከፍለው አለቃው። አያድርገውና ከዛ በፊት ቢሞት ወይም ጉዳት ደርሶበት ከሥራ ቢወጣም በነበረው ትንሽ ደመወዝ ነው የሚታሰበው።

ጡረተኛው
ልጆች፣ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። እኔ ከምድር ባቡር ነው የወጣሁት። ስወጣ ጡረታዬ ወር ታደርሰኝ ነበር፣ ዛሬ የመብራትና የውሃ ከፍዬ፣ መድኃኒት ገዝቼ አበቃች። ጭማሪ ሲመጣ ኑሮው ቀድሞ ሄዷል። እኔን የያዘኝ ሳቢያን የሠራኋት ቤት ናት፣ ጀርባዋ ላይ ሁለት ሰርቪስ አከራያለሁ፣ ያውም በድሬ ሙቀት ቆርቆሮዋ እየጠበሰ ተከራይ ስለሚያማርር በየዓመቱ አንድ ነገር አስጠግናለሁ። ቢሆንም ጡረታዬን አልንቃትም። ቤት ባዶ ይሆናል፣ ዕቁብም ይፈርሳል፣ እሷ ግን ወር ጠብቃ ባንክ ትገባለች።

እናት ከሐረር
ደመወዝም ይሁን አበል፣ መጀመሪያ የሚቆረጥብህ ገንዘብ መግባቱን አጣራ። ባለቤቴ ሲያርፍ ወረቀቱ ላይ በየወሩ ተቆርጧል ይላል፣ ስንጠይቅ ግን ድርጅቱ የብዙ ወር መዋጮ አላስገባም። ሕጉ ለሚስት የጡረታውን 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይላል፣ እኔ ግን ያንን እስካገኝ ከልጆቼ ጋር ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ጫማዬ አለቀ። የጡረታ መለያ ቁጥርህን ያዝ። የቅጥር ደብዳቤህን፣ የደመወዝ ወረቀቶችህን፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ሰርተፊኬት አንድ ፋይል ውስጥ አድርግና የት እንዳለ ለሚስትህ አሳያት። ባሌ ሁሉንም ቢሮው መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው።

ፎርክሊፍት
እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼም እድሜ ይስጥዎት። እህቴ፣ አላህ ያጽናሽ፣ የመለያ ቁጥሬን እንኳ በቃሌ አላውቀውም፣ ዛሬውኑ እጠይቃለሁ። ከሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጋር ተነጋግሬ ቢያንስ ግማሹ ደመወዝ ላይ እንዲገባ በደብዳቤ እንጠይቃለን። የፈረሙት ሰዎች አብረውን መጠየቅ ይችላሉ ወይስ ፊርማቸው ያስራቸዋል?

ሂሳብ ክፍል
አብሽር፣ መጠየቁን ማንም አይከለክላቸውም። እንደውም ብዙ ሆናችሁ ግቡ፣ ብቻህን ከሄድክ አንተን ብቻ ነው የሚያዩት። የ440ዋን ስሌት ደብዳቤው ላይ ቁልጭ አድርጋችሁ ጻፉ።