የማኅበረሰብ አጥኚዋ ቁጥር በችሎት ፊት ምን ያህል ይመዝን?

አወያይ፦
የዚህ ሳምንት ጥያቄያችን ከካትሪን ቤኬት ሥራ ይነሣል። በሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር የሆኑት ቤኬት፣ በወንጀል ፍትሕ ውስጥ ያለውን የዘር መድልዎ ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግሪጎሪ በተባለው መዝገብ የሞት ቅጣትን በሙሉ ድምፅ ሲሽር፣ ዋነኛ ማስረጃው እሳቸው ከባልደረባቸው ጋር ያዘጋጁት ጥናት ነበር። ጥናቱ ተመሳሳይ የሆኑ የግድያ መዝገቦችን አነጻጽሮ፣ ጥቁር ተከሳሽ ሞት የሚፈረድበት ዕድል ጥቁር ካልሆነ ተከሳሽ ከ3.5 እስከ 4.6 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ለመሆኑ ዳኛ በብዙ መዝገቦች ላይ የተሠራ የቁጥር ጥናትን ተመርኩዞ የአንድን ሰው ቅጣት መለወጥ ይገባዋልን? በክርክሩ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ዘነበ፦
አይገባውም ባይ ነኝ። ችሎት የሚቀርብለት አንድ ሰው፣ አንድ ድርጊትና አንድ ሟች ነው፤ የብዙ መዝገቦች ድምር ስለዚያ ሰው ጁሪዎች፣ ማለትም ፍርድ ለመስጠት የተመረጡት ተራ ዜጎች፣ ምን እንዳሰቡ ሊነግረን አይችልም። የአሜሪካ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1987 ሞት በተፈረደበት በጥቁሩ ተከሳሽ በማክለስኪ ጉዳይ የወሰነው ይህንኑ ነው። ዴቪድ ባልደስ የተባሉት የሕግ ምሁር በጆርጂያ ግዛት ከ2,000 በላይ የግድያ መዝገቦችን መርምረው፣ ሟቹ ነጭ ሲሆን ሞት የመፈረዱ ዕድል 4.3 እጥፍ እንደሚሆን አሳይተው ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ጥናቱ ትክክል ነው ተብሎ ቢወሰድ እንኳ፣ ተከሳሹ በእሱ በራሱ ጉዳይ ሆነ ተብሎ መድልዎ እንደ ተፈጸመበት ማስረዳት አለበት አለ። የዋሽንግተኑ ጥናት በተከላካዮቹ በኩል የቀረበ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

ሰላማዊት፦
አቶ ዘነበ የጠቀሱት ፍርድ በ5 ለ4 ድምፅ የተሰጠ ነው። በልዩነት ሐሳባቸው ዳኛ ብሬናን የአብላጫውን ሥጋት «ከመጠን ያለፈ ፍትሕን መፍራት» ሲሉ ገልጸውታል፤ የአብላጫውን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ፓውል ራሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ድምፃቸውን መለወጥ ቢችሉ ኖሮ በዚያ መዝገብ ይለውጡት እንደ ነበር ተናግረዋል። ማክለስኪ ግን በ1991 የሞት ቅጣቱ ተፈጸመበት።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ጁሪ የሚመክረው በር ዘግቶ ነው፤ ለውሳኔውም ምክንያት አይጽፍም። ታዲያ «በእኔ ጉዳይ ሆነ ተብሎ ተፈጽሟል» ብሎ የሚያስረዳ ተከሳሽ ማስረጃውን ከየት ያመጣል? በአንድ መዝገብ ውስጥ ሊታይ የማይችለው መድልዎ የሚገለጠው መዝገቦቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ የማኅበረሰብ አጥኚ ሙያ ነው። የቤኬት ጥናት ለወገንተኝነት የተሠራ አለመሆኑን የማምነው በውጤቱ ነው። ጥናቱ ዐቃቤ ሕጎች የሞት ቅጣት በመጠየቅ ረገድ በጥቁር ተከሳሾች ላይ የበለጠ እንደ ጨከኑ አላገኘም፤ ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው በጁሪው ውሳኔ ላይ ነው። ሁሉንም ለመክሰስ የተነሣ ሰው እንዲህ ያለ ውጤት አይጽፍም።

ነገረፈጅ፦
በተከላካይ በኩል መቅረቡን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ግዛቱ የራሱን ባለሙያ አቅርቦ ጥናቱን ተቃውሟል፤ ፍርድ ቤቱም ክርክሩን አጣርቶ የሚያቀርብ ኮሚሽነር መድቧል፤ ቤኬትም ለትችቶቹ መልስ ሰጥተው ስሌታቸውን አርመዋል። ከዚህ በላይ የተፈተነ ምስክር በችሎት ብዙ አይታይም።

ከሁሉ በላይ ትኩረቴን የሳበው ግን የመረጃው ምንጭ ነው። በዋሽንግተን ሕግ መሠረት የከባድ ግድያ ፍርድ የሰጠ ዳኛ ስለ ተከሳሹ፣ ስለ ሟቹና ስለ ድርጊቱ ዝርዝር ቅጽ ሞልቶ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመላክ ግዴታ አለበት፤ ጥናቱ የተሠራው ከ1981 እስከ 2014 በተጠራቀሙት በእነዚህ ቅጾች ላይ ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤቱን የሞገተችው ምሁር የተጠቀመችው የዳኞቹን የራሳቸውን ጽሑፍ ነው።

ዘነበ፦
ይህን አላውቅም ነበር፤ ክብደት ያለው ነጥብ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛ፣ የሟች ቤተሰብ በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ የት ነው ያለው? ሁለተኛ፣ ቅጣትን መሻር የሕዝብ እንደራሴዎች ሥራ ነው።

ሰላማዊት፦
የጥፋተኛነቱ ፍርድ አልተነካም፤ ስምንቱም የሞት ፍርደኞች ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ እንጂ ማንም ነፃ አልወጣም። በሲያትል ለምንኖር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ጉዳዩ ይበልጥ የቅርብ ነው። በአሜሪካ በሕዝብ ቆጠራም ሆነ በፍርድ ቤት ቅጽ ላይ፣ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰውም እዚያው የተወለዱት ልጆቹም የሚመዘገቡት «ጥቁር» ተብለው ነው። ቤኬት በሥራ ዘመናቸው ቀደም ሲል በሲያትል የአደንዛዥ ዕፅ እስራትን ሲያጠኑ፣ ጥቁሮች ከቁጥራቸው በላይ የሚታሰሩት በአመዛኙ ፖሊስ ክራክ በተባለው የኮኬይን ዓይነት ላይ በማተኮሩ እንደ ሆነ አሳይተዋል። የምንኖርበትን ከተማ የሚመለከት ጥናት ነውና እንደ ሩቅ ወሬ ልንሰማው አንችልም። ዜግነት ያገኘን ሰዎች የጁሪ ጥሪ ሲደርሰን «ሥራ አለኝ» ብለን ለመቅረት የምንቸኩለውም ልዩነቱ ከታየበት ከዚያው የጁሪ ክፍል ነው።

ነገረፈጅ፦
ለአቶ ዘነበ ሁለተኛ ነጥብ፦ የግዛቲቱ ሕግ አውጪ በ2023 የሞት ቅጣትን ከሕጉ ላይ ሰርዞታል። በሌሎች ግዛቶችም እንደራሴዎች በቁጥር ማስረጃ ጉዳይ ተከራክረዋል፤ ሰሜን ካሮላይና በ2009 የፈቀደችውን በ2013 ስትሽረው፣ ካሊፎርኒያ በ2020 የራሷን ሕግ አውጥታለች። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቤኬት በ2020 ባወጡት ሌላ ዘገባ ያነሡት ጉዳይ ነው፤ እሱም በዚያችው ግዛት የረጅም ዘመንና የዕድሜ ልክ እስራት መብዛት ነው። የሞት ፍርዱ የተለወጠው ወደዚሁ ቅጣት ነውና፣ መድልዎ ለሞት ፍርድ መሻር ምክንያት ከሆነ ለዕድሜ ልክ እስራት ምክንያት የማይሆንበትን ሕጋዊ ድንበር አቶ ዘነበ ቢያስረዱኝ እወዳለሁ።