ከጎመኔ መሃል የበቀለው አረም ይበላል?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ጓሮዬ ትንሽ ጎመንና ቃሪያ አለኝ። ሐምሌ ሲገባ መደቡን አንድ አረም ወረሰው። መሬት ለመሬት ይሄዳል። ግንዱ ወፈር፣ ቀላ ያለ ነው። ቅጠሉ የትንሽ ማንኪያ ቅርፅ አለው፤ በጣት ሲጫኑት ውኃ ያወጣል። አበባው ቢጫ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኝ ይፈካል። ነቅዬ ዳር የጣልኩት እንኳ መልሶ ሥር ሰደደ፣ ጉድ እኮ ነው!

ሜክሲኳዊቷ ጎረቤቴ አይተው ሳቁብኝ። «ቬርዶላጋስ እኮ ነው፣ ከሥጋ ጋር እንሠራዋለን» አሉኝ። በእንግሊዝኛ ፐርስሌን ይባላል። ቀንጥሰው አቀመሱኝ። ኮምጠጥ ይላል፣ ትንሽ ይዝለገለጋል።

ችግሬ ግን ሌላ ነው። አጠገቡ እሱን የሚመስል አረም አለ። ቅጠሉ ስስ ነው፤ ሲቀነጠስ እንደ ቁልቋል ነጭ ወተት ያወጣል። እሱ መርዛማ ነው። ሁለቱ ደግሞ ተጠላልፈው ነው የበቀሉት። እስካሁን እያንዳንዱን እየቀነጠስኩ ወተት አለው የለውም እያልኩ አመሻለሁ። ለአንድ ድስት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ! በዓይን ብቻ የምትለዩበት ዘዴ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ደግሞስ በአማርኛ ምን ይባላል? እናቴን በስልክ ብጠይቃት «አሉማ ይሆናል» አለችኝ። አሉማ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ቅጠሉም እንዲህ አይወፍርም። እንደ ጎመን በሽንኩርትና በቃሪያ የሠራችሁት ካላችሁ፣ ዝልግልጉ እንደ ባሚያ ይበዛል ወይስ እሳት ሲነካው ይጠፋል?